ሲንክ (የስልኩና የጂሜይሉ ስሞች ማመሳሰል) ከተደረገ በኋላ የተተረማመሰ የስልክ ስም ዝርዝር፦ በየትኛው መንገድ ላስተካክለው?

አክስቴ እዚህ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ባለፈው ክረምት አዲስ ቀፎ ገዛች። ስም ዝርዝሩን ከባለ ቁልፉ ስልኳ በሲም፣ ከተሰነጠቀው ስማርት ስልኳ ደግሞ በጂሜይል አስገቡላት። ማታ ቤት መጥታ ስልኩን ሰጠችኝና "አቦ፣ እስቲ ባጃጁን ጥራልኝ" አለችኝ። ፈለግኩ። "ባጃጅ ሳቢ" የሚል አንድ ስም አገኘሁ። ከሥሩ 4 ቁጥር ተደርድሯል።

አክስቴ ሰው የምትመዘግበው በስሙ አይደለም። በሥራውና በሰፈሩ ነው። "ባጃጅ ሳቢያን ረጅሙ"፣ "ባጃጅ ሳቢያን የማታው"፣ "ባጃጅ ሳቢያን ጭነት"፣ "ባጃጅ ሳቢያን ብር ያለበት"። ሲም ካርድ ላይ ለስም የተመደበው ቦታ ደግሞ ጠባብ ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የላቲኑን እጥፍ ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ አራቱም ስሞች ክፍተቱን ጨምሮ ከ6 ፊደል በኋላ ተቆርጠው "ባጃጅ ሳቢ" ሆነው ቀሩ። አዲሱ ስልክ "የሚመሳሰሉ ስሞች አሉ፣ ላዋህዳቸው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚያስገባላት ልጅ እሺ ብሎ ነካ። አራት ሰው አንድ ሰው ሆነ። ባለዕዳውም እዚያው ውስጥ ተደበቀ።

ከዚያ ወዲህ የአክስቴን፣ የሁለት ጎረቤቶቼን፣ የራሴንም ዝርዝር አጽድቻለሁ። ያሉትን መንገዶች በሙሉ ሞክሬአለሁ ማለት ይቻላል። ሁሉም ለሁሉም አይሆንም። አንዱ ለ80 ስም ግሩም ነው፣ ለ900 ስም ግን ቅጣት ነው። ሌላው ነጻ ነው፣ ግን አንዴ ከተሳሳታችሁ መመለሻ የለውም። ቀጥሎ ያለው እነዚህን ጎን ለጎን ለማየት ነው።

ከመምረጥ በፊት፦ የተበላሸው ምኑ ነው?

"ስም ዝርዝሬ ተበላሸ" የሚል ሰው ሁሉ በሽታው አንድ አይደለም።

አንዳንዱ ጨርሶ ብልሽት አይደለም። ስልኩ "የቤተሰብ ስም" የሚባል ነገር አለ ብሎ ያምናል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ስልኩ ግን እሱን ከፊት አድርጎ ይደረድራል፣ አንዳንዴም በኮማ ለይቶ ገልብጦ ያሳያል። ያኔ የልጅነት ጓደኛችሁን በአባቱ ስም ካልሆነ አታገኙትም። ይህ የማሳያ ጉዳይ ብቻ ነው። አንድሮይድ ላይ በኮንታክት ማስተካከያ ውስጥ የስም ቅርጽና የአደራደር ቅደም ተከተል የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። አይፎን ላይም በማስተካከያው ሥር (በአዲሶቹ "አፕስ" ከሚለው ገብታችሁ) ኮንታክት በሚለው ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱንም "የመጀመሪያ ስም ይቅደም" አድርጉ። ግማሹ ሰው እዚህ ላይ ሥራውን ይጨርሳል። ለዚህ ብሎ ሞባይል ቤት ገንዘብ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ሁለተኛው የቁጥር አጻጻፍ ነው። ያው አንድ ሰው አንዴ በ09፣ አንዴ በ+2519፣ አንዴ በ002519፣ አንዴም ዜሮው ወድቆ በ9 ተጽፎ 4 ቦታ ይገኛል። አገር ውስጥ ሲደወል ችግሩ ብዙም አይታወቅም። ስልኩ የሚገባውን ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አሃዞች ተነስቶ ያገናኘዋል። ዕቃ ልታመጡ ጅቡቲ ስትሻገሩ ግን በ09 የተመዘገበ ሁሉ አይሠራም። በ+251 የተመዘገበ ግን ከየትም ይደወላል።

ሦስተኛው መደጋገም ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። በሲም ያለው፣ ስልኩ ላይ ያለው፣ ጂሜይል ላይ ያለው አንድ ላይ ሲከመር ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት ይሆናል። ሁለት ቁጥር ያለው ሰው ወደ ሲም ሲገለበጥ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ፣ ስሙ ጫፍ ላይ 1 እና 2 ተለጥፎበት ይመለሳል።

አራተኛው የፊደል ነው። "ፋጡማ" የነበረው ስም በሳጥኖች ወይም በእኩል ይሆናል ምልክትና በቁጥር ክምር ተተክቶ ታዩታላችሁ። ስልኮች ስም የሚለዋወጡበት የቪሲኤፍ ፋይል ሦስት ዓይነት አለው፦ 2.1፣ 3.0 እና 4.0። አሮጌው 2.1 ግዕዝን በቀጥታ አይጽፈውም። እያንዳንዱን ፊደል በ3 ባይት ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ባይት ፊት የእኩል ይሆናል ምልክት አድርጎ በኮድ ይጽፈዋል። ተቀባዩ ኮዱን ካልፈታው ኮዱ ራሱ ስም ሆኖ ይቀመጣል። ደስ የሚለው ነገር ስሙ አልጠፋም፤ አልተነበበም እንጂ። ምንጩ ፋይል ካለ ይመለሳል።

የኛው የራሳችን ጣጣም አለ። "ፀሐይ" ብላችሁ መዝግባችሁ "ጸሃይ" ብላችሁ ብትፈልጉ ብዙ ስልክ አያገኛትም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለስልኩ ግን ሌላ ፊደል ነው። "ኃይሉ" እና "ሀይሉ"ም እንደዚያው። በላቲን የጻፋችሁት ሰው ደግሞ በግዕዝ ከጻፋችሁት ከራሱ ጋር በስም ፈጽሞ አይገናኝም። የሚያገናኘው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ቁጥሩን አንድ ዓይነት አድርጉ፣ ከዚያ ደጋሚውን አዋህዱ፣ ስሙን በመጨረሻ አሳምሩ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከማዋሃድ ነው። የአክስቴን አራት ባጃጆች ያጣበቀው እሱ ነው።

በምን ልመዝናቸው?

እኔ በአምስት ነገር መዝኛቸዋለሁ። ዋናው መመለሻው ነው። ስሳሳት ወደ ትናንቱ መመለስ እችላለሁ ወይ? ይህን የማያሟላ መንገድ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ለእኔ ከታች ነው። ሁለተኛው ግዕዝን ሳይሰብር መያዙ ነው። ሦስተኛው ቁጥራችንን ማወቁ ነው፤ 09ን ብቻ ሳይሆን 07ን፣ ከሐረር ጋር የምንጋራውን የመስመር ስልክ 025ንም። አራተኛው ጊዜና ወጪ ነው። አምስተኛው ምስጢር ነው። ስም ዝርዝር ማለት ዕዳም ነው፣ ደንበኛም ነው፣ የቤት ጉዳይም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቅጂ አውጡ። ኮንታክት ውስጥ "ወደ ፋይል ላክ" የሚል አለ። ቪሲኤፍ ፋይል ይወጣል። እሱን በቴሌግራም ለራሳችሁ "የተቀመጡ መልእክቶች" ውስጥ ላኩት። ሁለት ደቂቃ ነው። ፎቶ ከሌለበት 600 ስም 1 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም፤ ዳታ ይበላብኛል የሚል ሰበብ አይሠራም።

በእጅ፣ እዚያው ቀፎው ላይ

ከ100 ስም በታች ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ። ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ፣ ሻሂ ይዛችሁ፣ አንድ በአንድ። ግዕዙ አይሰበርም፣ ምስጢሩ አይወጣም፣ የማታውቁትን ሰው የማዋሃድ አደጋ የለም። ሰውየውን የሚያውቀው የእናንተ ጭንቅላት ነዋ። ግን አስሉት፦ ለአንድ ስም 1 ደቂቃ ቢፈጅ 600 ስም 10 ሰዓት ነው። በድሬ የከሰዓት ሙቀት ማንም አይጨርሰውም። የጀመሩትን አይቻለሁ፤ "መ" ላይ ሲደርሱ ይተዉታል።

የስልኩ የራሱ ማዋሃጃ

ሳምሰንግ ኮንታክትን ማስተዳደሪያ ውስጥ የሚያዋህድ ነገር አለው። አይፎን ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጅ 2022 ከወጣው ወዲህ፣ ደጋሚ ስም ካገኘ ከዝርዝሩ አናት ላይ ራሱ ይነግራችኋል። ፈጣን ነው፣ ነጻ ነው፣ ያለ ኔትም ይሠራል።

ችግሩ የሚያየው መመሳሰልን ብቻ መሆኑ ነው። የቁጥሩን አጻጻፍ አያስተካክልም። "ሁሉንም አዋህድ" የሚለውን አትንኩ። አንድ በአንድ አሳዩኝ በሉት። በስም ብቻ ተመሳስለው ቁጥራቸው የተለያየ ከሆነ ዝለሉት። በቁጥር የተመሳሰሉትን ብቻ ተቀበሉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ጥሩ መሣሪያ ነው። ካልሆነ ግን ሳቢያን ያለው ባጃጅ ሁሉ አንድ ሰው ይሆንባችኋል።

ጎግል ኮንታክትስ በኮምፒውተር

ለብዙው ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ መመለሻ አለው። በኮምፒውተር ሲከፈት፣ ማስተካከያው ውስጥ "ለውጦችን መልስ" የሚል አለ። ዝርዝሩን ከ10 ደቂቃ በፊት፣ ከ1 ሰዓት በፊት፣ ወይም እስከ 30 ቀን ድረስ ወደ ኋላ ወደነበረበት ይመልሰዋል። የሰረዛችሁትም 30 ቀን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይቆያል። የአክስቴን አራት ባጃጆች ያላቀቅኩት በዚህ ነው። ስሙ ከተቆረጠበት አልተመለሰም፤ እሱ ሲሙ ላይ ነው የተቆረጠው። ቁጥሮቹ ግን እንደገና አራት ሆኑ።

የማዋሃጃ ሐሳቡንም አንድ በአንድ ያቀርባል፣ ተቀበል ወይም ተው ይላችኋል። በሰፊ ስክሪን ላይ 600 ስም ማየትና በቀፎ ማየት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። አንድ ሒሳብ እስከ 25,000 ስም ይይዛል። የቀፊራ ነጋዴ ሁሉ ቢደመር አይሞላውም።

ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ የሚያየው ጂሜይል ላይ የተመዘገበውን ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ወይም ሲም ላይ የተቀመጠው እዚያ አይታይም። መጀመሪያ ሲሙን ወደ ጂሜይሉ አስገቡ፤ አንድሮይድ ላይ የስልክና የሲም ስሞችንም አብረህ ሲንክ አድርግ የሚል ምርጫ አለ። ሁለተኛው የጂሜይሉ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። አዲስ ስልክ ስትገዙ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ በራሱ ፈጠራ ጂሜይል ከፍቶላችሁ ይሆናል። የይለፍ ቃሉን እናንተም አታውቁት፣ እሱም ረስቶታል። እንዲህ ዓይነት ጂሜይል ላይ የተቀመጠ ስም በብድር ቤት እንደመኖር ነው። ስልኩ እጃችሁ ላይ እያለ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፣ የራሳችሁን ቁጥር ለመመለሻ አስገቡ። ካልተቻለ ቪሲኤፉን አውጥታችሁ ወደ ራሳችሁ ጂሜይል አዛውሩ።

አይፎን ተጠቃሚ ከሆናችሁ የአፕል የኔት ማስቀመጫ የሆነው አይክላውድም በኮምፒውተር ተመሳሳይ ነገር ይሰጣል። ከ30 ቀን ወዲህ የተቀመጡ የዝርዝሩን ቅጂዎች መልሶ የሚያመጣበት ቦታ አለው። ለጅምላ ማስተካከል ግን እንደ ጎግሉ አይመችም። አይፎን ሲም ላይ ስም አይመዘግብም፤ ከሲም ያስገባል እንጂ። ወደ አንድሮይድ ተመልሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሲሙን አትመኑት።

ፋይል አውጥቶ በሠንጠረዥ

ይህ ለባለ ብዙ ስም ነው፤ ለዕድር ጸሐፊ፣ ለሱቅ፣ ለማኅበር። ዝርዝሩን ከጎግል በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ በሚከፈት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውጥታችሁ፣ በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ ቁጥሩን በሙሉ በአንዴ ታስተካክላላችሁ። 900 ስም ያለበትን በአንድ ምሽት ጨርሻለሁ።

ይህ መንገድ ግን አንድ አፍ የሚያስይዝ ጉድጓድ አለው። ፋይሉን በቀጥታ ሁለቴ ነክታችሁ በኤክሴል ከከፈታችሁት፣ ኤክሴል ስልክ ቁጥሩን የሒሳብ ቁጥር ነው ብሎ ይወስደዋል። የፊቱን ዜሮ ይጥላል። በ251 የሚጀምረው 12 አሃዝ ሲሆን ደግሞ ረጅም ነው ብሎ አሳጥሮ ያሳየዋል። እንደዚያው እንዳለ በሲኤስቪ ካስቀመጣችሁት የመጨረሻዎቹ አሃዞች ዜሮ ሆነው ይቀራሉ። አስቡት፤ 900 ሰው፣ ሁሉም ቁጥራቸው በዜሮ የሚያልቅ። ይህ መመለሻ የለውም፣ ዋናውን ፋይል ካላስቀራችሁ በቀር። ግዕዙም በዚያው አከፋፈት ተሰባብሮ ሊመጣ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ ባዶ ገጽ ክፈቱ፣ "ዳታ" በሚለው ውስጥ ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ አምጣ በሉ፣ የፊደል ዓይነቱን ዩቲኤፍ 8 አድርጉ፣ የስልክ ዓምዱን "ጽሑፍ" ብላችሁ ምረጡ። በጎግል ሺትስ ከሆነ ስታስገቡ "ጽሑፍን ወደ ቁጥርና ቀን ቀይር" የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱት። እኔ ሺትሱን እመርጣለሁ፤ ግዕዝ ላይ አስቸግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ ክፍተቱንና ሰረዙን አጥፍታችሁ፣ ቁጥሩን እንዲህ እያያችሁ ለዩት። 10 አሃዝ ሆኖ በ09፣ በ07 ወይም በ025 የሚጀምር ከሆነ ዜሮውን አንስታችሁ +251 አድርጉ። ዜሮው ወድቆ 9 አሃዝ ቀርቶ በ9፣ በ7 ወይም በ25 የሚጀምር ከሆነም +251 ከፊቱ። 12 አሃዝ ሆኖ በ251 የሚጀምር የመደመር ምልክት ብቻ ነው የጎደለው። በ00251 የሚጀምር ሁለቱ ዜሮ በመደመር ይተካል። ሌላውን ሁሉ አትንኩት።

"አትንኩት" ያልኩበት ምክንያት ለኛ ለድሬዎች ትልቅ ነው። ድሬ ውስጥ የጅቡቲ ቁጥር የሌለው ነጋዴ የለም። የጅቡቲ ሞባይል በ77 የሚጀምር 8 አሃዝ ነው፣ የአገሩ መለያ +253። ብዙ ሰው ያለ መለያው ይመዘግበዋል። "በ7 የሚጀምረውን ሁሉ +251 አድርግ" የምትሉት ከሆነ የጅቡቲውን ደላላ ገደላችሁት። የኛው በ7 የሚጀምር ግን ዜሮው ሲወድቅ 9 አሃዝ ነው። ስለዚህ አሃዙን ቁጠሩ። እንደ 994 እና 700 ያሉ አጫጭር ቁጥሮችም +251 ከተለጠፈባቸው አይሠሩም። ከዱባይና ከሳዑዲ የሚደውሉ ዘመዶችም አሉ፤ +971ንና +966ን እንዳሉ ተዉአቸው።

07ን የረሳ መመሪያም አትከተሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለሕዝብ የሙከራ አገልግሎት መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ በነሐሴ 2014። ስለዚህ የ07 ቁጥር በኛ ዝርዝር ውስጥ ከሌላው ከተማ ቀድሞ ገብቷል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ማስተካከያ 09ን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሲጨርስ ፋይሉን መልሳችሁ ጎግል ኮንታክትስ ላይ ታስገባላችሁ፤ በአንዴ እስከ 3,000 ስም ይቀበላል። ያስገባችሁትን በቀኑ መለያ ራሱ ይሰይመዋል። ከተበላሸ ያንን መለያ መርጣችሁ በጅምላ ትሰርዛላችሁ። አሮጌውን ዝርዝር ግን ሳትሰርዙ አዲሱን ከላዩ አትጨምሩ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ይሆናል።

የማጽጃ አፕ

ፕሌይ ስቶር ላይ ደጋሚ ስም አጠፋለሁ የሚል አፕ ሞልቷል። በአጭሩ፣ አልመክርም። ገና ሲከፈት ስም ዝርዝርህን ልይ ይላል፤ ሳያይ እንዴት ያጸዳል? የት እንደሚወስደው ግን አይታወቅም። በየመሐሉ ማስታወቂያ አለ። ዋናው ሥራው ጎግል በነጻ የሚሠራው ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ብዙዎቹ የአገር መለያ አስተካክላለሁ ሲሉ የሚያደርጉት ያንኑ "ለሁሉም ለጥፍ" ነው። የጅቡቲውን ሰውዬ አስታውሱ።

ሞባይል ቤት

ድሬ ውስጥ ታይዋን ገበያም ሆነ ከዚራ ሰፈር ሞባይል ቤት አይጠፋም፤ ልጆቹም ፈጣን ናቸው። ስልኩ ከፈረሰ፣ ስክሪኑ አልነካ ካለ፣ ወይም ከባለ ቁልፍ ቀፎ በኬብል ማውጣት ካስፈለገ እነሱ ጋ ነው መሄድ። ለማጽዳት ብቻ ከሆነ ግን የሚያደርጉት እናንተ የምታደርጉትን ነው፣ ያውም ሰዎቹን ሳያውቁ። "ባጃጅ ሳቢ" ረጅሙ ይሁን የማታው እነሱ በምን ይለዩ?

ከሄዳችሁ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስልኩን ጥላችሁ አትሂዱ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልክ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቪሲኤፍ ፋይሉን ከእነሱ ኮምፒውተር እንዲያጠፉላችሁ ጠይቁ፤ ጂሜይላችሁም እዚያ ተከፍቶ እንዳይቀር እዩ። "ሀጂ እገሌ ብድር" የሚል ስም የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ምን ይሠራል?

በአንድ እይታ

| መንገድ | መመለሻ | ግዕዝ | የቁጥር ማስተካከል | ጊዜና ወጪ | ምስጢር |
|---|---|---|---|---|---|
| በእጅ | ቅጂ ካለ ብቻ | አይሰበርም | በእጅ፣ በትክክል | ነጻ፤ 600 ስም 10 ሰዓት | ከእጅ አይወጣም |
| የስልኩ ማዋሃጃ | ደካማ | ጥሩ | የለም | ነጻ፤ ደቂቃዎች | ጥሩ |
| ጎግል በኮምፒውተር | እስከ 30 ቀን | ጥሩ | አንድ በአንድ | ነጻ፤ ጥቂት ዳታ | ሒሳቡ የራስ ከሆነ ጥሩ |
| ሠንጠረዥ | ዋናው ፋይል ከተቀመጠ | ጠንቃቃ ከሆኑ ጥሩ | ከሁሉ የተሻለ | ነጻ፤ አንድ ምሽትና ኮምፒውተር | ጥሩ |
| የማጽጃ አፕ | እንደ አፑ | ይለያያል | አደገኛ | ማስታወቂያ ወይም ክፍያ | ደካማ |
| ሞባይል ቤት | ከጠየቁ ብቻ | እንደ ሠራተኛው | እንደ ሠራተኛው | ክፍያ፤ ፈጣን | እንደ ጥንቃቄአችሁ |

ለማን የትኛው?

ስም ብቻ ተገልብጦባችሁ ቁጥሩ ደህና ከሆነ ማስተካከያውን ቀይሩ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። ከ100 በታች ስም ላለው በእጅ ይበቃል። እስከ 500 ወይም 600 ድረስ፣ ኮምፒውተር ለአንድ ሰዓት መዋስ ከቻላችሁ፣ ጎግል ኮንታክትስ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከሌለ የስልኩን ማዋሃጃ ውሰዱ፤ ግን በቁጥር የተመሳሰለውን ብቻ፣ ቅጂ ካወጣችሁ በኋላ። ከዚያ በላይ ስም ያለው ነጋዴ፣ ወይም ግማሹ ቁጥር ዜሮው የወደቀበት ሰው፣ ሠንጠረዡ ነው መድኃኒቱ። ራሳችሁ የማትችሉት ከሆነ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የእህት ልጅ ፈልጉ፤ ምሳ አብሉት።

ስሙ በእኩል ይሆናል ምልክት ለተሞላበት ሰው ከእነዚህ አንዱም መጀመሪያ አይደለም። አሮጌው ስልክ ካለ ከእሱ ላይ በጂሜይል ሲንክ አድርጋችሁ አውጡት እንጂ በፋይል አትላኩት። በዚያ መንገድ ግዕዙ በኮድ ተጽፎ መተላለፍ አያስፈልገውም። አሮጌው ስልክ ከተሸጠ ደግሞ ያን ቪሲኤፍ ወደ ጎግል ኮንታክትስ በኮምፒውተር አስገቡት፤ ስልኩ ያልፈታውን ብዙ ጊዜ እሱ ይፈታዋል።

ለአዛውንቶች ስትሠሩ ስሙን አታሳምሩ። እኔ የአክስቴን "ሀጂ" የሚሉትን በሙሉ ከስም ኋላ ላደርግ ነበር፤ 40 ሀጂ "ሀ" ላይ ተኮልኩሎ መፈለግ ስለሚያስቸግር። "ሀጂን ከስሙ ኋላ? ነውር አይደለም?" አለችኝ። ተውኩት። ዝርዝሩ የእሷ ነው፣ የምትፈልገውም እሷ ናት። አንድ ነገር ግን አስማማኋት፦ የሚለየው ቃል ከፊት ይግባ። ስሙ ቢቆረጥም የሚቀረው እሱ ነውና። "ጭነት ባጃጅ ሳቢያን" እንጂ "ባጃጅ ሳቢያን ጭነት" አይደለም።

አራቱን ለመለየት ግን መደወል ነበረብን። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው ረጅሙ ነበር። ሁለተኛው "አክስቴ፣ ዛሬ ማታ ልምጣ?" አላት፤ የማታው። ሦስተኛው ሽንኩርት ጭኖ መንገድ ላይ ነበር። አራተኛው አነሳና የአክስቴን ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ዘጋው። "ያዝኩት!" አለች። "ብር ያለበት"ን ከፊት አድርገን መዘገብነው።